ያልተቀመጡት ለቅሶ

ዓይናዲስ የባሏን መሞት የሰማችው በሰላሕ ሱቅ ጓዳ፣ የወቀጠችውን በርበሬ ስታስመዝን ነው። ለእሷ ብሎ የነገራት የለም። የባሏ ታላቅ ወንድም ምንይሉ ከመጋረጃው ወዲያ ሰላሕን ሲያባብል ጆሮዋ ገባ። «ነገ ለቅሶ እንቀመጣለን፤ ከነገ ወዲያ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለን፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ነፃ ነው። ለመጋዘን ካንተ የተሻለ የሚስማማው የለም ብዬ ነው ቅድሚያ የመጣሁልህ» ይላል፣ ድምፁን እያለሳለሰ። ሰላሕ «እኔ የዘማች ቤት አልነካም። ሰውየው አንድ ቀን መጥቶ በሬ ላይ ቢቆም ምን እመልስለታለሁ?» አለ። «አይመጣም። አብሮት የዘመተው ሰጠኝ አጠገቡ ነበር፤ ሲወድቅ በዓይኑ አይቶታል።» የሰላሕ ሚስት ያስሚን ሚዛኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዓይናዲስን አየቻት፣ መጋረጃውን አየች፣ መልሳ ዓይናዲስን አየቻት፤ የምትለው ቢጠፋት «ሦስት ኪሎ ከሩብ» አለች በሹክሹክታ። ዓይናዲስ ቀጥሎ የምትወቅጠውን ደረቅ በርበሬ በከረጢቷ ይዛ በጓሮ በር ወጣች። ለቅሶ አስቀድሞ ቀን ሲቆረጥለት ሰምታ አታውቅም ነበርና መንገዱን ሙሉ የከነከናት እሱ ነው። ሌላውን፣ ትልቁን ነገር፣ እንድታስበው ለራሷ ገና አልፈቀደችም።

ባሏ ወንዳወቅ ከመዝመቱ በፊት ግንበኛ ነበር፤ ሰቆጣ ውስጥ የእሱ እጅ ያላረፈበት የድንጋይ አጥር ጥቂት ነው። አባቱ በተዉት ቦታ ላይ፣ ከምንይሉ ቤት ከፍ ብሎ፣ ድንጋዩን ራሱ ጠርቦ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ። ቆርቆሮ አለበሰው፤ ለበሩም ከወይራ የጠረበውን መወርወሪያ አበጀለት፤ ሌባ ቀርቶ በሬ አይገፋውም እያለ ይፎክርበት ነበር። በ1991 ዓ.ም. በከበሮና በእልልታ ተሸኝቶ ሄደ። ውጊያው ካበቃ ይኸው ስድስት ወር አለፈው፤ ከእሱ ግን ደብዳቤም የለ፣ የሰው ሰላምታም የለ። ምንይሉ ቦታው በአባቴ ስም ነው የተመዘገበው ብሎ ሲከስ ዳኛው ክርክሩን አገዱት። ትእዛዙን ዓይናዲስ በፌስታል ጠቅልላ ከአልጋዋ ራስጌ አስቀምጣዋለች። መሠረተ ትምህርት ባስተማራት ፊደል ደጋግማ ስላነበበችው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች፦ «ተከሳሹ በግዳጅ ላይ የሚገኝ የሠራዊት አባል በመሆኑ፣ ከግዳጁ እስኪመለስ ወይም መሞቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ክርክሩ ባለበት ይቁም፤ ባለቤቱና እናቱም ከይዞታቸው እንዳይነሱ።» ልጅ አልወለዱም። ወንዳወቅ ሞተ ከተባለ በአባትየው ቦታ ላይ የሚቀረው ወንድ ልጅ ምንይሉ ነው፤ አሮጊቷ እናት በእሱ እጅ ትወድቃለች፣ ዓይናዲስ ደግሞ ከረጢቷንና ሙቀጫዋን ይዛ ወደ መጣችበት ወደ ፃግብጂ ትመለሳለች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ሲንኳኳ ለብሳ ቆማ ነበር። መርዶ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሰው ነጠላውን ሳያጣፋ፣ ልቡን ሳይሰበስብ። በጥርብ ድንጋዩ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማች፤ አንዱ አፉን በጋቢው ይዞ ሲያስል ተሰማ። መወርወሪያውን በጀርባዋ ደገፍ ብላ «ማነው?» አለች።

«እኛ ነን ልጄ፤ ክፈቺ» ያሉት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ጓንጉል ናቸው። ሰቆጣ ውስጥ ስንት ቤት በዚህ ድምፅ ለመርዶ ነቅቷል።

«በደህና ነው?»

«ክፈቺና እንነጋገራለን።»

«ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ይዛችኋል ጋሽ ጓንጉል?»

 አንዱ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወረቀት ካለ በበሩ ሥር አስገቡልኝ፤ አነበዋለሁ» አለች። «ከሌለ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

«አንቺ ሴት ልብ የለሽም ወይ! ወንድሜ እኮ ነው!» አለ ምንይሉ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። ዓይናዲስ ከተዳረች ጀምሮ ምንይሉን እርስዎ እንዳለችው ነው የኖረችው፤ ያን ማለዳ ግን አፏ ላይ አልመጣላትም። «መርዶውን ትናንት ለሰላሕ አስቀድመህ ነግረኸዋል አሉ፤ ከእሱ ጋር ተቀመጥ» አለችው። ከውጭ ጉርምርምታ ተሰማ። ይህን የማያውቁ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ «የቱ ሰላሕ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማችው። ከዚያ ሙቀጫዋን ከጥጉ አንከባላ በሩ ሥር አቆመችው፤ ሁለት እፍኝ ደረቅ በርበሬ ጨመረችና መውቀጥ ጀመረች። ሐዘን በገባበት ግቢ በርበሬ አይወቀጥም። ሙቀጫው ተደፍቶ፣ ዘነዘናው ተጋድሞ ነው የሚከርመው። ይህን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየአልጋው ሆኖ ድምፁን ሰማና የሰማውን ተረዳ። ኮቴው አንድ በአንድ ወደ ታች ወረደ።

የወንዳወቅ እናት እማማ እታለም በውስጠኛው ክፍል፣ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸው ፈጦ ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። ዓይናዲስ ልታያቸው ስትገባ ጣሪያውን እያዩ «ትናንት ያመጣሽው በርበሬ ነው?» አሏት። አዎ አለች። «እርጥበት አልነካውም?» አልነካውም አለች። «ጥሩ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሁለቱ ከሰኔ ጀምሮ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፤ ስለ በርበሬ፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ከአበርገሌ የሚመጣው ፍየል ስለ መወደዱ። የወንዳወቅን ስም ማንሳት በሁለቱ መካከል ቀስ በቀስ ቀረ። ዓይናዲስ ረፈድ ሲል ነጠላዋን ለብሳ፣ ፌስታሉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ «እማዬ፣ እስክመለስ እንዳይወጡ» አለች። 

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ጠባብ ነው። የተሰበረው መስኮት ካርቶን ተለጥፎበታል፤ በሲባጎ የታሰሩ መዝገቦች ከመደርደሪያው ተርፈው ወለሉ ላይ ተቆልለዋል፤ እነሱ ላይ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። መዝገብ ሹሙ ደጅይጥኑ የፃግብጂ ልጅ ስለሆነ ዓይናዲስን ያውቃታል። ወረቀቷን ፊቱ ዘርግታ «ከመከላከያ ወረቀት ካልመጣ አይነኩኝም አይደል የሚለው?» አለችው። እሱ ማንበብ አላስፈለገውም፤ ራሱ የጻፈው ነው። «በማስረጃ ነው የሚለው እንጂ በወረቀት አይልም» አለ። «ማስረጃ ወረቀትም ነው፣ ሰውም ነው። ሞቷል፣ ለቅሶም ተቀምጠንለታል የሚል ሦስት ሰው ቀርቦ ከማለ ዳኛው ሊቀበሉት ይችላሉ። እናትና ሚስት ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ከል ለብሰው ተቀምጠዋል ከተባለማ አለቀ፤ ቀጥሎ ምን ብለው ይጠይቃሉ?»

ዓይናዲስ የመዝገቡ ቁልል ላይ ተቀመጠች፣ ደጅይጥኑም ተነሺ አላላትም። ስድስት ወር ሙሉ ይህን ወረቀት እንደ ክታብ ይዛ የኖረችው አንዲት ቃል ሳታስተውል ነው። ተናደደች፤ በምንይሉ ሳይሆን በራሷ። «እናትና ሚስት ባይቀመጡስ?» አለች። ደጅይጥኑ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ያን ጊዜ ምስክሩ ለቅሶ ነበር ሲል ዳኛው እናቱ አልቅሰዋል ወይ ብለው ይጠይቁታል። ምን ይመልሳል? እናት ያላለቀሰችለትን ሟች የት አገር አይተሻል? ግን ሁለታችሁም ናችሁ፣ ስሚኝ፤ አንዳችሁ ከተቀመጣችሁ ዋጋ የለውም። ይኼን ደግሞ እኔ አልነገርኩሽም።» ዓይናዲስ ብድግ አለች። እማማ እታለምን ብቻቸውን ትታ መምጣቷ ትዝ ያላት ያኔ ነው።

እየሮጠች ማለት ይቻላል ወደ ቤቷ ወጣች። ከግቢው በታች፣ በምንይሉ ደጅ ላይ፣ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበሮች እየተደረደሩ ነው። ጋሽ ጓንጉል አይተዋት ዓይናቸውን ሰበሩ። ቀና ብላ በመካከላቸው አለፈች፤ ነጠላዋን እንደ ወትሮው እንጂ እንደ ሐዘንተኛ አላጣፋችውም፣ ያንንም እንዲያዩላት ቀስ ብላ ነው የተራመደችው። ቤት ስትገባ ግን የፈራችው ደርሷል። የምንይሉ ሚስት ውባንቺ መጥታ ሄዳለች። እማማ እታለም መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ከእጥፉ ያልተፈታ አዲስ ጥቁር ጨርቅ አለ፤ በእጃቸው ምላጭ ይዘዋል።

«እማዬ፣ ምላጩን ይስጡኝ።»

«ሆዴ ነግሮኛል» አሉ እማማ እታለም። «ትናንት አይደለም፤ ሰኔ ላይ ነው የነገረኝ። ልጅ ወልደሽ ብታዪው ይገባሽ ነበር። እኔ ቤት አልፈልግም ዓይናዲስ፤ መቃብር ዳር ሆኜ ቤት ምን ያደርግልኛል? ልጄን ላልቅሰው። ይኼን ብቻ ነው የምለምንሽ።»

ዓይናዲስ በዚያች ደቂቃ ራሷን ጠላች። እናትን ልጇን እንዳታለቅስ መከልከል ምን ዓይነት ሥራ ነው? ማን ሰጥቷት ነው? ደግሞ ልጅ ወልደሽ ያሏት ነገር ወግቷታል፤ ሆን ብለው እንዳላሉት ብታውቅም ወግቷታል። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና ጉልበታቸውን ያዘች። «እኔም አውቃለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። «እኔም ሆዴ ነግሮኛል እማዬ። ግን ይሙትም ይኑርም፣ እስከ ዛሬ በዚህ በር ላይ ቆሞ የጠበቀን እሱ ነው። ዳኛው ያገዱት ለእኔ ብለው አይደለም፣ ለእርስዎም ብለው አይደለም፤ ለእሱ ብለው ነው። እኛ ነን ዛሬ እጁን ይዘን ከበሩ ላይ የምናነሳው? ያኔ ከበሮ እየመቱ ከእጃችን የወሰዱት ሰዎች አንዲት ወረቀት እንኳ ሳይጽፉልን፣ አያ ምንይሉ መጋዘን ሊያከራይ ስለቸኮለ ብቻ?»

እማማ እታለም ምላጩን መደቡ ላይ አስቀመጡ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ግን ይዘው ተነሱ፣ ዱላቸውን አነሱና ወጡ። ዓይናዲስ ልትይዛቸው እጇን ዘርግታ ተወችው። እናት ናቸው። በቃ፣ አለቀልኝ አለች በልቧ፤ ተከተለቻቸው።

አሮጊቷ ጥቁር ጨርቅ ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ድንኳኑ ሁሉ ተነሳ። ሴቶቹ ደረት ለመምታት እጃቸውን አነሱ፣ ምንይሉ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ሮጦ መጣ። ፊቱ አብጧል። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከፋው ይኸው ነው። ወንድሙንም ይወዳል፣ ቤቱንም ይፈልጋል፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊጨርስ ነው የተነሳው። እማማ እታለም በዱላቸው ደረቱን ያዝ አድርገው አቆሙትና ድንኳኑ ውስጥ ዓይናቸውን አንከራተቱ። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ክራንቹን ጎኑ አጋድሞ፣ ሰጠኝ ተቀምጧል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ነገ ከሚቆሙት ሦስት ምስክሮች አንዱ እሱ ነው።

«ሰጠኝ» አሉት፣ «አንተ ነህ አሉ ያየኸው። ለእኔ ንገረኝ።»

ሰጠኝ ክራንቹን ይዞ ለመነሳት ሲታገል ሰው ደገፈው። ማንንም አላየም፤ የሚያየው መሬቱን ነው። «ሲወድቅ አየሁ እማማ» አለ። «ከእኔ እስከዚያ ምሰሶ ድረስ ያህል ነበር የራቀው። ከዚያ እኔም ተመታሁ። ሲወድቅ አይቻለሁ። ሲነሳ ግን አላየሁም።»

«አስከሬኑን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ሞቷል ብለህ ወንጌል ትመታለህ?»

 ምንይሉ ሰጠኝን በዓይኑ ለመነው ማለት ይቻላል።  «ሲወድቅ አይቻለሁ እላለሁ» አለ ሰጠኝ። «ለአያ ምንይሉም ይኸንኑ ነው ያልኩት። እኔም ወድቄ ነበር፤ ስወድቅ ያየኝ ሰው እዚህ መጥቶ ለእናቴ ሞቷል ብሎ ቢምል ኖሮስ?»

እማማ እታለም ሲናደዱ የአፍ መፍቻቸው ኽምጣንኛ ነው የሚቀናቸው። ያን ቀንም በእሱ ጀመሩ፤ ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፣ አንዲት ሴት አፏን ያዘች። ከዚያ ቆም አሉና፣ ነገ ፍርድ ቤት ቆሞ ያሉት አልገባኝም ነበር የሚል ሰው እንዳይኖር ይመስላል፣ ያንኑ በአማርኛ ደገሙት። «ልጄን ከዚህ ደጅ ሲወስዱት ጠይቀውኛል። እናት ነሽና መርቂው ብለውኛል፤ መረቅሁት። እንግዲህ ሞቶ እንደሆነ መጥተው ይንገሩኝ። ስሙን ጽፈው፣ የወደቀበትን ቦታ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይንገሩኝ። የዚያን ቀን ይኼን ፀጉሬን በገዛ እጄ እላጨዋለሁ። እስከዚያ ግን ልጄን የሚገድልብኝ ሰው አልፈልግም። አንተም ብትሆን ምንይሉ፤ አንተንም የወለድኩህ እኔ ነኝ።» ጥቁሩን ጨርቅ እጥፉን ሳይፈቱ በምንይሉ እጅ ላይ አስቀመጡት። «ለባለሱቁ መልስለት፤ አልተነካም።»

ምንይሉ ጨርቁን ይዞ ቆመ።  ውባንቺ ከኋላ መጥታ እጅጌውን ሳብ አደረገችው። ጋሽ ጓንጉል አንዴ ሰማዩን አንዴ ድንኳኑን አዩ፤ ከዚያ «የዕድራችን ደንብ ግልጽ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናት መርዶውን ካልተቀበለች ሟች የለም። ሟች ከሌለ ድንኳን አይቆምም። ንቀሉት።» ሰዎቹ እየተያዩ ካስማውን መንቀል ጀመሩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ገና ሙሉ በሙሉ እንኳ አልተደረደሩም ነበር።

ዓይናዲስ እማማ እታለምን ክንዳቸውን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል፤ ክንዳቸውን ግን አለቀቀችም። አሮጊቷ ቀና ብለው፣ ማንም ቢያያቸው ግድ የሌላቸው መስለው ነው የተራመዱት። ጎረቤት በየአጥሩ ላይ ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት «እንዴት ዋሉ እማማ?» ስትል «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን» ብለው በወትሮ ድምፃቸው መለሱላት። የቤቱን ደፍ ተሻገሩ። ዓይናዲስ በሩን ዘጋች፤ መወርወሪያውን አስገባች፤ ዞር ስትል እማማ እታለም መሬት ላይ ናቸው።

አልጮሁም። ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተውት፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከነጠላው ሥር ታፍኖ ታፍኖ የሚወጣ አንድ ድምፅ አለ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ይጨምራል። ከውጭ ካስማ የሚነቅሉት ሰዎች ገና አልሄዱም፤ የምንይሉ ድምፅ ይሰማል። ይህን ልቅሶ ሰው ከሰማው ነገ ምስክር ነው። ዓይናዲስ ልታቅፋቸው አንድ እርምጃ ሄደችና መለስ አለች። ሙቀጫው ማለዳ እንደተወችው በሩ ሥር ቆሟል። ከከረጢቱ ዘግና በርበሬ ጨመረችና ዘነዘናውን በሁለት እጇ አነሳች።

ወቀጠች። የማለዳው አወቃቀጥ ለሰው እንዲሰማ ነበር፤ ይኸኛው እንዳይሰማ ነው። ዘነዘናው ሲወርድ እማማ እታለም ያለቅሳሉ፤ ሲነሳ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡት። «ወንዳወቄ» አሉ፤ ሙቀጫው አፈነው። «ግንበኛዬ» አሉ፤ ሙቀጫው አፈነው። የበርበሬው ብናኝ ክፍሉን ሞላው፤ የዓይናዲስ ዓይን ፈሰሰ፤ ሰው ቢያንኳኳና ቢያያት በርበሬው ነው ትላለች። ስለ ባሏ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ክንዷ ግን አላረፈም። ከውጭ የመጨረሻው ካስማ ሲነቀል፣ ሰዎቹም ድንኳኑን ተሸክመው ሲሄዱ ሰማች። በርበሬው ልሞ ዱቄት ሆነ። ድካም ሲሰማት ዘነዘናውን ቀስ አደረገች።

እማማ እታለም ከመሬት ቀና አሉ። ፊታቸው በአፈርና በእንባ ተለውሷል።

«ጠንከር አድርገሽ ውቀጪ ልጄ» አሉ፤ «ገና አልወጣልኝም።»

ዓይናዲስ ሌላ እፍኝ በርበሬ ጨመረችና ዘነዘናውን አነሳች።